የአርሶ አደሩ መዋጮ ለመፈክር አይዋል

በይፋግ ገበያ የአሳማ ሥጋ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሃይማኖቱ ሕግ የሚርቀው ነገር ስለሆነ፣ ስለ አሳማ ሥጋ ማስታወቂያ ለጣና ዳር አንባቢ መጻፍ ከንቱ ልፋት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካ አሳማ አርቢዎች ሥጋቸውን ለማስተዋወቅ ከሽያጫቸው ላይ በግዴታ የሚያዋጡት ገንዘብ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው፤ ከዚያ ታሪክ የሚማረውም አሳማ አርቢ ብቻ አይደለም። ከሐሙሲት ወዲያ በወረታ በኩል እስከ ይፋግና አዲስ ዘመን ድረስ በተዘረጋው ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ ምርት እያለው ገበያው ለሌላ እያደላበት ነው። እነዚያም አርቢዎች መዋጮውን የጀመሩት ሸማቹ ፊቱን ወደ ሌላ ሲያዞርባቸው ነበር። የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራቾች የጋራ መዋጮ ያስፈልጋቸዋል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ግን አስቀድሞ መዋል ያለበት ለጥራት እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም፤ መዋጮው የሚጣለውም የሚነሳውም በአምራቾቹ በራሳቸው ድምጽ መሆን ይገባዋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ካልተሟሉ መዋጮው ባይጀመር ይሻላል።

ሩዝ በዚህ ሜዳ ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ሰብል አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ አብዛኛው እህል ደግሞ ይህን አይችልም። ስለዚህ ገበሬው ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ እየዘራ፣ በሣሩ ላይ ስመ ጥሩውን የፎገራ ከብት እያረባ ይኖር ነበር። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተዘራ። እስከ ዛሬ በሜዳው ላይ የነገሠው ዝርያ “ኤክስ ጅግና” መባሉ ለዚያ ጅማሮ ምስክር ነው። ችግር የነበረው ውኃ ሀብት ሆነ። ቀስ በቀስ ሩዙ ከፎገራ ወረዳ አልፎ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ደራ ተስፋፋ፤ መንግሥትም “የሚሊኒየም ሰብል” የሚል ስም ሰጠው፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ሻጋንና ሰላምን የመሳሰሉ አዳዲስ ዝርያዎችም ተለቀቁ። ድሮ የጎርፍ አገር ይባል የነበረው ሜዳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምንጭ መሆኑ ገበሬው አዲስ ነገር ሲያዋጣው ለመቀበል እንደማይሰንፍ ያሳያል።

ይሁንና ሩዙ ሲበዛ ገበያው የዚያን ያህል አልተቀበለውም። አገራችን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቶን ሩዝ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎች የእስያ አገሮች ታስገባለች። የኑሮ ውድነቱ ሲብስም መንግሥት ሩዝን ከዘይትና ከስኳር ጋር ደርቦ በፍራንኮ ቫሉታ እንዲገባ የፈቀደባቸው ጊዜያት ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ ለቅቅል የሚሆን ሩዝ የሚፈልግ ሸማች ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው በከረጢት ታሽጎ የመጣውን ረጅም ፍሬ ያለውን የውጭ ሩዝ ነው። 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሚመረተው የወረታ ሩዝ ደግሞ በአብዛኛው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ ለእንጀራ፣ ወይም ለዳቦ፣ ለጠላና ለአረቄ ይሆናል። ለእንጀራ መዋሉ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ እንደማስረዳው ትልቁ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ገበሬው በዚያም መስክ ቢሆን የሚገባውን ዋጋ አለማግኘቱ ነው።

ይህን ሁሉ የሸማቹ ንቀት ነው ብሎ ማለፍ ግን ራስን ማታለል ይሆናል። ኅዳር ላይ ሩዙ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያ አውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፤ ፍሬው ከመሬት ሲጠረግ አፈሩም ጠጠሩም አብሮ ይነሳል። ሸራ ያለው ገበሬ ሸራ ላይ ያሰጣል፤ የሌለው መሬት ላይ። ፍሬው ወደ መፈልፈያ መግባት የሚገባው እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ከረጠበ ይላቁጣል፤ ፀሐይ ላይ ከልክ በላይ ከቆየ ውስጡ ይሰነጠቅና መፈልፈያው ሲነካው ይሰበራል። ገበሬው ይህን የሚለካው በጥርሱ ነክሶ ወይም በእጁ ዘግኖ ነው። በዚህ ላይ አንዱ ኤክስ ጅግና፣ ጎረቤቱ ሌላ ዝርያ ዘርቶ ሳለ ሰብሳቢው ነጋዴ ሁለቱን በአንድ ጆንያ ይቀላቅላቸዋል። የፍሬያቸው ውፍረት ስለሚለያይ መፈልፈያው ለአንዱ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል፣ ወይም ሳይፈለፍል ያሳልፈዋል። ስለዚህ ከማሽኑ የሚወጣው ሩዝ ሰባራው ከሙሉው፣ ቀዩ ከነጩ የተደባለቀ፣ ጠጠር ያልተለየው ይሆናል። ባሕር ዳር ያለችው እናት ሰፌድ ላይ ዘርግታ ጠጠር ስትለቅም የምታጠፋው ጊዜም የሩዙ ዋጋ አካል ነው። የውጭውን የምትመርጠው አገሯን ጠልታ ሳይሆን ያ ጊዜ ስለሚተርፍላት ነው። ይህችን ሴት “የአገርሽን ሩዝ ብዪ” የሚል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ሊያስገዛት ይችል ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ የሚያስገዛት ግን ድስቱ ውስጥ ያገኘችው ነው።

የአሳማ አርቢዎቹ ታሪክ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1986 ጀምሮ እያንዳንዱ አርቢ አሳማ በሸጠ ቁጥር ከዋጋው ላይ ጥቂት ሳንቲም ይቆረጥበት ጀመር። መጠኑ ባለፉት ዓመታት ከፍ ዝቅ ቢልም ከ100 ዶላር ሽያጭ ግማሽ ዶላር አልሞላም። በጊዜው ሐኪሞች ስብ ቀንሱ ይሉ ስለነበር ሸማቹ ወደ ዶሮ ሥጋ አዘንብሎ ነበር። አርቢዎቹ በ1987 “ሌላው ነጭ ሥጋ” የሚል ትርጉም ያለው መፈክር ይዘው ወጡ፤ ሐሳቡ የአሳማ ሥጋ እንደ ዶሮ ቀላልና ስብ የለሽ ነው ማለት ነበር። መፈክሩ በአሜሪካ የማስታወቂያ ታሪክ በሰፊው ከታወቁት አንዱ ሆነ። ነገር ግን አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚመገበው የአሳማ ሥጋ መጠን ከዚያ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ፣ ላይ ከመዋለል አላለፈም። በዚያው ጊዜ ውስጥ፣ መዋጮው ሲጀመር ከ300,000 በላይ የነበሩት የአሳማ እርሻዎች ወደ 60,000 ገደማ ወረዱ። ትንንሾቹ አርቢዎች ለዓመታት ያዋጡለትን ገበያ ለትልልቆቹ ትተው ከሥራው ወጡ።

የመዋጮው ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ተራ አይደለም። ማስታወቂያው ባይኖር ፍጆታው ይወድቅ ነበር ይላሉ፤ የመዋጮው ቦርድ ያስጠናቸው ጥናቶችም እያንዳንዱ የተዋጣ ዶላር ብዙ ዶላር መልሷል ብለው ይደመድማሉ። የእርሻዎቹ ቁጥር የቀነሰውም በማስታወቂያው ሳይሆን በቴክኖሎጂና በካፒታል ምክንያት ነው ይላሉ። በሁለተኛው ነጥብ እስማማለሁ፤ ትንሹን አርቢ ማስታወቂያ አላጠፋውም። ነገር ግን አላዳነውምም። አንድ መዋጮ ከትንሹም ከትልቁም በእኩል መጣኝ እየተሰበሰበ ጥቅሙ ግን ብዙ ለሚሸጠው ብቻ የሚያደላ ከሆነ፣ ትንሹ ገበሬ “የእኔ ድርሻ የታል?” ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ደግሞ፣ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አይቶ ሊመሰክር አይችልም፤ ጥናቱን ያስጠናውም ገንዘቡን የሚያወጣው አካል ነው። ከደሃ ገበሬ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ጥቅሙ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ቦታ ላይ ይዋል የምለው ለዚህ ነው።

ከመፈክሩ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። አርቢዎቹ ሥጋቸውን በራሱ ጠባይ ሳይሆን ዶሮን በመምሰሉ ሊሸጡት ሞከሩ። ዶሮን እንዲመስልም እንስሳው ስቡ እየቀነሰ እንዲሄድ ተደርጎ ተዳቀለ፤ በኋላ ደግሞ ሥጋው ደረቀ፣ ጣዕሙ ጠፋ የሚል ቅሬታ መጣ። በ2006 የመዋጮው ቦርድ መፈክሩን ከአርቢዎች የፖለቲካ ማኅበር በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ለ20 ዓመት ለመክፈል ተስማምቶ ገዛው። ያ መፈክር ከመጀመሪያው በአርቢዎች ገንዘብ የታወቀ ነበር። በ2011 ቦርዱ በሌላ መፈክር ተካው፤ ክፍያው ግን ቀጠለ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ለመፈክር የተሰበሰበ ገንዘብ መጨረሻው እንዲህ ይሆናል፤ ለማን እንደጠቀመ ለማወቅ ጠበቃ ያስፈልጋል። ለፎገራ ሩዝ የምንፈራውም ተመሳሳይ ነው። ሩዛችንን “እንደ ባስማቲ” ብሎ ለመሸጥ የሚነሳ ሰው በባዕድ ሜዳ ሊያጫውተን ነው። የፎገራ ሩዝ ረጅምና ሽታ ያለው አይደለም፤ ከጤፍ ጋር ሲደባለቅ ግን እንጀራውን ነጭና ለስላሳ ስለሚያደርገው የከተማ እንጀራ ጋጋሪዎች ይፈልጉታል። ለእንጀራ የውጭ ሩዝ የሚጠቀምም አለ፤ ሆኖም ንጹሕ፣ ጠጠር የሌለው፣ ዝርያው ያልተቀላቀለ የፎገራ ሩዝ በዚህ መስክ ከማንም ጋር ሊወዳደር ይችላል። አንድ ቀን ማስታወቂያ የሚያስፈልግ ከሆነም መነገር ያለበት ይኸው የራሱ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ድምጹ ጉዳይ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የአሜሪካው መዋጮ አጀማመሩ መልካም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልፈለገ አርቢ ገንዘቡን ማስመለስ ይችል ነበር፤ በ1988 ደግሞ አርቢዎቹ ራሳቸው ድምጽ ሰጥተው ቋሚ አደረጉት። የሚያሳፍረው የመጣው በኋላ ነው። በ2000 ከ30,000 በላይ አርቢዎች በሰጡት ድምጽ 53 በመቶ የሚሆኑት መዋጮው ይቅር አሉ። የወቅቱ የግብርና ሚኒስትር ዳን ግሊክማን ውሳኔውን ለማስፈጸም ተነሱ፤ በ2001 መጀመሪያ ላይ ግን መንግሥት ተለወጠና ተተኪያቸው አን ቬነማን ከመዋጮው ደጋፊዎች ጋር በፍርድ ቤት ታርቀው እንዲቀጥል አደረጉ። በ2005 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከብት ሥጋ መዋጮ ላይ በተነሳ ክርክር፣ በመዋጮው የሚሠራው ማስታወቂያ የመንግሥት የራሱ ንግግር ስለሆነ ገበሬው አልስማማም ብሎ ሊከለክለው አይችልም ሲል ወሰነ። ይህን ውሳኔ በእርጋታ ላስተዋለው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ገንዘቡ የገበሬው፣ ቃሉ የመንግሥት። የዳበረ የፍርድ ቤትና የምርጫ ሥርዓት ባለበት አገር ገበሬው “ይቅር” ብሎ ካልቀረለት፣ እኛ ዘንድ መውጫው በር ከመጀመሪያው ካልተሠራ በኋላ ማንም አይከፍትልንም። እንግሊዝ ውስጥ በተቃራኒው በ2021 የድንችና የአትክልት አምራቾች በድምጽ ብልጫ መዋጮውን እንቢ አሉ፤ መንግሥትም ቃላቸውን አክብሮ አስቀረው። በዚያው አገር የአሳማ ሥጋ መዋጮ ከአርቢው ብቻ አይሰበሰብም፤ ቄራውም የራሱን ድርሻ ይከፍላል።

መዋጮ ራሱ ከንቱ አለመሆኑን የሚያሳየው ምሳሌ ከቡና አገር ይመጣል። የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ብሔራዊ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ከቡናው ላይ በሚቆረጠው ገንዘብ በ1938 የምርምር ማዕከሉን አቋቋመ፤ የባለሙያ ምክር ወደ ገበሬው ማሳ አደረሰ፤ የገበሬውን ቡና በታወቀ ዋጋ የሚረከብ ገዢ ሆነ። ሁዋን ቫልዴዝ የሚባለው ባለ በቅሎው ቡና ገበሬ ለዓለም በማስታወቂያ የተዋወቀው በ1959 ነው፤ ማለትም ፌዴሬሽኑ ከተመሠረተ ከ32 ዓመት በኋላ። ያ ማስታወቂያ የተሳካው በስተጀርባው ጥራቱን የሚጠብቅ ተቋም ስለቆመ ነው። የእኛም አገር ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምታውቀው ትምህርት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር የተደረገው ክርክር በስምምነት ሲያልቅ፣ ስሙ ዋጋ ያገኘው ከስሙ በስተጀርባ ሸማቹ የሚያውቀው ጣዕም ስለነበረ ነው። “ፎገራ” የሚለው ስም እንዲህ ያለ ክብር እንዲያገኝ ጆንያው ውስጥ ያለው ሩዝ በየጊዜው አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ታዲያ በእኛ ሜዳ ላይ መዋጮው እንዴት ይሰብሰብ? ለጤፍ ወይም ለበቆሎ ይህ ጥያቄ መልስ ያጣ ነበር፤ ምክንያቱም እህሉ ከገበሬው ቤት ወጥቶ በመቶ መንገድ ይበተናል። ሩዝ ግን የተለየ ነው። ለገበያ የሚወጣ ሩዝ ሳይፈለፈል ሸማቹ ዘንድ አይደርስም፣ አይበላም፤ መፈልፈያዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ወረታና አካባቢው ላይ ናቸው። ገበሬውም ነጋዴውም የሚያልፉባት አንዲት በር ይህች ናት። ለሩዝ እንዲህ ያለ ሥርዓት እስካሁን አልተዘረጋም፤ ቢዘረጋ ግን መሰብሰቢያው ዝግጁ ነው። መጠኑንም በምሳሌ ላሳይ። ከ1,000 ብር ሽያጭ 4 ብር ይዋጣ እንበል፤ አንድ ገበሬ 10 ኩንታል በ5,000 ብር ሂሳብ ቢሸጥ 200 ብር ይሆናል። 10,000 ገበሬ ቢሳተፍ 2 ሚሊዮን ብር ይሰበሰባል። ይህ ገንዘብ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከሄደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተኖ ያልቃል። በየቀበሌው ማኅበር ሸራና የእርጥበት መለኪያ ከተገዛበት፣ በየመፈልፈያው የጠጠር መለያ እንዲገባ ከተረዳበት፣ ከምርምር ማዕከሉ የሚወጣ ንጹሕ ዘር በኩታ ገጠም ማሳ ላይ አንድ ዝርያ ብቻ እንዲዘራ ካስቻለ ግን ገበሬው በሚቀጥለው ኅዳር ልዩነቱን በኩንታሉ ዋጋ ያየዋል። የመፈልፈያ ባለቤቱም ድርሻውን ይክፈል፤ ሰባራው ሲቀንስ የእሱም ደንበኛ ይበዛልና። ከውጭ ሩዝ የሚያስገባውስ? የአሜሪካው ሕግ የውጭ አሳማና ሥጋ የሚያስገባውንም ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ስለ አሳማ ሥጋ በጥቅሉ የሚነገር መልካም ነገር አስመጪውንም ይጠቅመዋል። የእኛው አስመጪም ለአገር ውስጥ ሩዝ ምርምር አነስተኛ ድርሻ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ፤ ይህን ግን ክልሉ ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ የፌዴራል ሕግ ይጠይቃል።

ብዙ አንባቢ አሁን በልቡ የያዘውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ ገበሬው የሚያዋጣው አነሰውና ነው? ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ የአካባቢው ታሪክም ይደግፈዋል። ይፋግ ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ከታወቁት የድሮ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ የከፈለው ገንዘብ ግን መንገድ ሆኖ አይመለስለትም፤ የገዢው ግምጃ ቤት ገብቶ ይቀራል። በደርግ ዘመን ደግሞ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ፣ በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ እህሉን እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ከገበያ ገዝቶ እስከማስረከብ ደረሰ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ መራራነቱ ግን ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። ከዚያም ወዲህ ገበሬው በልዩ ልዩ ስም መዋጮ ሲከፍል ኖሯል፤ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለስፖርት፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት። ስለዚህ “መዋጮ” የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም። የእኔ መልስ ግን ይህ ነው፦ ኬላውንና ኮታውን ክፉ ያደረገው ገንዘብ ወይም እህል መሰብሰቡ ብቻ አይደለም፤ ከፋዩ በመጠኑም፣ በአጠቃቀሙም፣ በመቆሙም ላይ ቃል የሌለው መሆኑ ነው። በሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ የሚጀመር፣ ያልፈለገ ገበሬ ደረሰኙን አቅርቦ የሚያስመልሰው፣ ከዚያም በምሥጢር ድምጽ የሚጸድቅ ወይም የሚወድቅ መዋጮ ሌላ ነገር ነው። በየአምስት ዓመቱም ድምጹ ይደገም። ሂሳቡ በየመፈልፈያው በር ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፤ ምን ያህል ገባ፣ ስንት ሸራ ተገዛ፣ ለየትኛው ቀበሌ ደረሰ የሚለውን ማንበብ የሚችል ልጅ ለአባቱ ያንብብለት።

ገንዘቡ የሚመለስ ከሆነ ሁሉም አያስመልስም ወይ፣ ሌላው ሲያዋጣ ሳይከፍል ጥቅሙን የሚያገኝ ብልጥ አይበዛም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ማስታወቂያ ላይ ይህ ስጋት እውነት ነው፤ ማስታወቂያ ላልከፈለውም ይናገርለታልና። መዋጮው በጥራት ላይ ከዋለ ግን ስጋቱ ይቀንሳል። የማኅበሩን ሸራ የሚጠቀመው፣ በጠጠር መለያው የሚያልፈው፣ “የተፈተሸ” የሚል ምልክት ጆንያው ላይ የሚለጠፍለት ያዋጣው ነው። ያላዋጣው በነጻነቱ ይቆያል፤ ዋጋውንም ያየዋል። ይህ ደግሞ አስገዳጅ ሕግ የማይደርስበትን በጎ ፈቃድ ይፈጥራል።

“ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ የምርምር ማዕከልና የግብርና ቢሮ ለምን ተቀመጡ?” የሚልም አለ። የዘር ምርምር፣ መንገድና መስኖ የመንግሥት ድርሻ መሆኑን አልክድም፤ ማንም ገበሬ በ4 ብር መዋጮ የርብን ግድብ ሊተካ አይችልም። ነገር ግን በበጀት ብቻ የቆመ የጥራት ሥራ በጀቱ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፤ በውጭ ዕርዳታ የመጣ ፕሮጀክትም ዘመኑ ሲያልቅ መኪናውን ይዞ ይሄዳል። የገበሬው የራሱ ገንዘብ ያለበት ሥራ ጠያቂ አለው። ሌላው ተቃውሞ ጊዜው አይደለም የሚለው ነው፤ ክልሉ በግጭት ውስጥ ሆኖ፣ መንገድ ሲዘጋና ገበያ ሲበተን ስለ ሩዝ ጥራት ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። የሰላሙን ነገር የሚተካ መዋጮ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ሩዙ በግጭቱም መካከል ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይፈለፈላል፤ ከእያንዳንዱ ኩንታል የሚሰበረውም የገበሬው እንጀራ ነው። ሥራው በአንድና ሁለት ቀበሌ፣ በጥቂት መፈልፈያዎች ሊጀመር የሚችል ትንሽ ሥራ ስለሆነ አገር እስኪረጋጋ መጠበቅ የግድ አይደለም።

የተቋሙ ቤትም ከባዶ የሚሠራ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤን የማኅበሩ የበላይ አካል ያደርገዋል፤ ኦዲትንም ያስገድዳል። በወረቀት ላይ ያለውን ይህን ሥልጣን ገበሬው በተግባር የያዘበት ማኅበር ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ ጉባኤው የሚጠራው ብዙ ጊዜ ለተወሰነው ነገር ለማጨብጨብ ነው። ስለዚህ መዋጮው የሚተዳደረው ለዚሁ ብቻ በተመረጠ፣ አብላጫው አምራች ገበሬ በሆነ ኮሚቴ መሆን አለበት። ወረዳው ባለሙያ ይመድብ እንጂ ሊቀመንበር አይመድብ። ሩዙን የምትለቅመው፣ የምታሰጣውና ብዙ ጊዜም ወደ ገበያ የምታወጣው ሴት በኮሚቴው ውስጥ ቦታ ይኑራት፤ ሰባራውንና ጠጠሩን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ይህ ጽሑፍ ለክልሉ ግብርና ቢሮ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች፣ ከሁሉ በፊት ግን ለፎገራ፣ ለሊቦ ከምከምና ለደራ ሩዝ አምራቾች የቀረበ ነው። ቢሮውና ዩኒየኖቹ ከሚቀጥለው አጨዳ በፊት ፈቃደኛ የሆኑ ማኅበራትንና መፈልፈያዎችን ለይተው ሙከራውን ያስጀምሩ፤ የመመለሻውና የድምጹ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። አምራቾችም በጉባኤያችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውልና መዋጮውን በምን መንገድ ማስቆም እንደምትችሉ። በመጀመሪያው ብር ሸራና የእርጥበት መለኪያ ይገዛ። ከዚያ በፊት የማስታወቂያ ውል ይዞ የሚቀርብ ኮሚቴ ካለ እጃችሁን አታውጡለት።